ወደ ኢንተርላከን ከመምጣታችሁ በፊት፦ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ወንዙና ስለ ተራራው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በርን ከተማ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ሰመር ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። ከፍራንክፈርት፣ ከሮም፣ ከዋሽንግተን፣ አንዳንዴም ከአዲስ አበባ ይደወላል። "ልንመጣ ነው፤ ውሃው ላይ ምን ምን አለ?" ይሉኛል። ጥያቄው ሁሌ ያው ነው። መልሱን ስደጋግም አፌ ዛለ። አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

የምጽፈው ስለማውቀው አካባቢ ብቻ ነው፤ ስለ ስዊዘርላንዱ የበርን ደጋ። አልፕስ ሰፊ ነው፤ ሌላውን ሌላ ሰው ይጻፈው።

ኢንተርላከን ከተማ ነው ወይስ ሐይቅ?

ከተማ ናት፤ ያውም ትንሽ። ስሟ ከላቲን የመጣ ነው፤ "በሐይቆች መካከል" እንደ ማለት ነው። በምሥራቅ የብሪየንዝ ሐይቅ፣ በምዕራብ የቱን ሐይቅ አለ። ሁለቱን የሚያገናኘው አሬ የሚባል ወንዝ ነው። አሬ ግሪምዘል በሚባለው ተራራማ ቦታ በኩል ካለው ግግር በረዶ ሥር ይነሣል። ብሪየንዝ ሐይቅ ይገባል። ኢንተርላከንን ሰንጥቆ ቱን ሐይቅ ይገባል። ከዚያ በርንን ዞሮ መጨረሻው ራይን ወንዝ ነው።

ግልገል አባይ ጣና ገብቶ ሳይቀላቀል ይወጣል ሲባል ሰምታችሁ የለ? አሬ ግን በደንብ ይቀላቀላል። ከላይ ያመጣውን ደለል ብሪየንዝ ላይ አራግፎ ነው የሚያልፈው። ሐይቆቹ ደግሞ ከስፋታቸው ይልቅ ጥልቀታቸው ነው የሚገርመው። ጣና ጥልቅ በሚባለው ቦታው እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ብሪየንዝ 260 ሜትር ይወርዳል፤ ቱን 217 ሜትር። ከዳር ጥቂት እርምጃ ገብታችሁ እግራችሁ መሬት ቢያጣ አትደነቁ።

ፎቶው ላይ የሚታየው የብሪየንዝ ቀለም እውነተኛ ነው?

እውነተኛ ነው። ግግር በረዶ ሲንሸራተት ሥሩ ያለውን ዐለት ይፈጨዋል። ዱቄቱ በጣም የላመ ስለሆነ ቶሎ አይዘቅጥም። ውሃው ውስጥ ተንሳፎ ይቆያል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ያን አረንጓዴ ያዘለ ሰማያዊ ይሰጣል።

ፎቶ ካነሣን አይቀር፦ በሐይቁ ዳር ኢዘልትቫልድ የምትባል መንደር አለች። አንድ የኮሪያ ድራማ እዚያ ተቀረጸና ሰው ጎረፈ። አሁን ወደ ሐይቁ በሚዘልቀው የእንጨት መድረክ ላይ ለመቆም 5 ፍራንክ ይከፈላል። ትንሽ ራቅ ብላችሁ ብታነሡት ግን ነጻ ነው፤ ሐይቁም አንድ ነው።

መቼ ብመጣ ይሻላል?

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያጣላናል። አንድ አሜሪካ ያደገ ዘመዴን "ክረምት ላይ ና" አልኩት። እኔ ሐምሌና ነሐሴን ማለቴ ነበር። እሱ ጃንዋሪ ላይ ካፖርቱን ደርቦ ከተፍ አለ። ከዚያ ወዲህ "ሰመር" ነው የምለው።

ራፍቲንግ፣ ማለትም በጎማ ጀልባ ወንዝ መውረድ፣ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነው። የካንየኒንግም፣ ማለትም ውሃውን ተከትሎ በጠባብ ገደል ውስጥ መውረድ፣ ወቅቱ ተመሳሳይ ነው። ሜይና ጁን ላይ የተራራው በረዶ ስለሚቀልጥ ወንዞቹ ይሞላሉ። ለመዋኘት የመጡ ሰዎች ጁላይንና ኦገስትን ይምረጡ። ብሪየንዝ ላይ በበረዶው ወቅትም ካያክ የሚባለውን ጠባብ ጀልባ የሚቀዝፉ አሉ፤ ውሃ ጨርሶ የማያስገባ ልብስ ለብሰው። እኔ አንዴ ከዳር ቆሜ አይቻለሁ። ቡናዬን ይዤ፣ ማየቱ በቃኝ።

ውሃው ያን ያህል ይቀዘቅዛል? እኔ ላንጋኖ ዋኝቼ ያደግሁ ነኝ።

ላንጋኖን እርሱት።

ካንደርሽቴግ ከምትባል መንደር በላይ ኧሺነን የሚባል ውብ ሐይቅ አለ። ከባሕር ወለል በላይ 1,578 ሜትር ላይ ነው። ላንጋኖም ከዚያው ከፍታ ብዙ አይርቅም። አንዱ ዳር ቆዳችሁ በፀሐይ ይበስላል፤ ሌላው ዳር ጁላይ ላይ እንኳ ጥርሳችሁ ይንቀጫቀጫል። ብርድን በከፍታ ብቻ መለካት የለመደ ደገኛ እዚህ ይሳሳታል። ውሃው የመጣው ከበረዶ ነው፤ ከምድር ወገብም በጣም ርቀናል።

ለግምት ያህል፦ ቱን ሐይቅ በጥሩ ሰመር 20 ዲግሪን ያልፋል። ብሪየንዝ ከሱ ይቀዘቅዛል። አሬ በርን ላይ 18 ዲግሪ ሲደርስ የከተማው ሰው በደስታ ይወጣል። ራፍቲንግ የሚካሄድበት የሉቺነ ወንዝ ግን በሞቃት ቀን እንኳ ከ10 ዲግሪ ብዙም አይርቅም።

ዋናው ነገር ዲግሪው ሳይሆን ሰውነታችሁ የሚያደርገው ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድንገት ስትገቡ ሳታስቡት በኃይል ትተነፍሳላችሁ። ያቺ የመጀመሪያዋ ትንፋሽ ውሃ ውስጥ ከሆነች ማነቅ ትጀምራላችሁ። ጎበዝ ዋናተኛ የሚሰምጠው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው፤ መዋኘት አቅቶት ሳይሆን መተንፈስ አቅቶት። ስለዚህ አትዝለሉ። እግር፣ ክንድ፣ ደረት እያላችሁ ቀስ ብላችሁ ግቡ። ትንፋሻችሁ እስኪረጋ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ውሃው በጣም ከቀዘቀዘ ደግሞ አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እጅና እግር መታዘዝ ይተዋሉ። "ገና አልደከመኝም" ማለት አይሠራም፤ ድካሙ ሳይነግራችሁ ነው የሚመጣው።

ፀሐይ ላይ ተኝታችሁ ከጋላችሁ በኋላ ዘላችሁ መግባት ከሁሉም የከፋ ነው። የስዊዘርላንድ ሕይወት አድን ማኅበር በየመዋኛው ከሚለጥፋቸው ስድስት ሕጎች አንዱ ይኸው ነው።

ዋና አልችልም። ራፍቲንግ መሄድ እችላለሁ?

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን አንችልም። ውሃ ዳር ስንጠጋ "ተመለስ!" እየተባለ ነው ያደግነው። ማፈር አያስፈልግም። መዋሸት ግን ያስጠይቃል።

አንድ ጓደኛዬ ከሴት ጓደኛው ፊት "ዋና ትችላለህ?" ተብሎ ሲጠየቅ "እንዴታ!" አለና ፈረመ። ሁለተኛው ማዕበል ላይ ከጀልባው ወደቀ። ላይፍ ጃኬቱ አንሳፈፈው፤ እሱ ግን ተንሳፎም እየሰመጠ መሰለው። ጋይዱ የጃኬቱን ትከሻ ይዞ እንደ ጆንያ ጎትቶ መለሰው። ልጁ ሁለት ቀን ሙሉ ድምፁ አልወጣም። ምንም አልሆነም፤ ነገር ግን ጋይዱ ዋና እንደማይችል ቢያውቅ ኖሮ ከራሱ አጠገብ ያስቀምጠው ነበር።

አዘጋጆቹ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ውሃ ውስጥ የማይደናገጥና ጥቂት የሚዋኝ ሰው ነው የሚፈልጉት። የማትችሉ ከሆነ ቀድማችሁ ደውሉና ጠይቁ። ለጀማሪ የሚሆን ረጋ ያለ የወንዝ ክፍል ሊያቀርቡላችሁ ይችላሉ። እምቢ ካሉም ቂም አትያዙ።

ከጀልባ ብትወድቁ ማድረግ ያለባችሁ ይህ ነው። በጀርባ ተኙ። እግራችሁን ወደ ቁልቁለቱ አዙራችሁ ከፍ አድርጉ፤ ድንጋይ ቢመጣ በእግር ትገፉታላችሁ። ለመቆም አትሞክሩ። በሚሮጥ ውሃ ውስጥ እግር ድንጋይ መካከል ከተቀረቀረ ውሃው ገፍቶ በግንባራችሁ ይደፋችኋል፤ ውሃው ጉልበት ላይ እንኳ ቢሆን። መቅዘፊያችሁን አትልቀቁ፤ እጀታው ሰው ለመጎተት ይጠቅማል።

ራፍቲንግና ካንየኒንግ ምንና ምን ናቸው?

ራፍቲንግ ብዙ ሰው አንድ የጎማ ጀልባ ላይ ሆኖ ወንዙን መውረድ ነው። ጋይዱ ከኋላ ያዛል፤ እናንተ ትቀዝፋላችሁ። ትእዛዙ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፤ "ፎርዋርድ"፣ "ስቶፕ"፣ "ጌት ዳውን" ካወቃችሁ ይበቃል። የወንዙ ኃይል ከ1 እስከ 6 ደረጃ አለው። ሉቺነ 3ና 4 መካከል ነው። ከላውተርብሩነን የሚወርደው ነጩ ሉቺነና ከግሪንደልቫልድ የሚወርደው ጥቁሩ ሉቺነ ይገናኙና አንድ ሆነው ብሪየንዝ ሐይቅ ይገባሉ። ለስለስ ያለ የሚፈልግ የዚሜ ወንዝን ይጠይቅ።

ካንየኒንግ ጀልባ የለውም። ዌትሱት የሚባለውን ወፍራም የጎማ ልብስ ለብሳችሁ፣ ሄልሜት አድርጋችሁ፣ በጠባብ የድንጋይ ገደል ውስጥ ውሃውን ተከትላችሁ ትወርዳላችሁ። በገመድ መውረድ አለ፤ መንሸራተት አለ፤ ከከፍታ ኩሬ ውስጥ መዝለል አለ። መዝለል የፈራ በገመድ መውረድ ይችል እንደሆነ ቀድሞ ይጠይቅ። አንዴ ገደሉ ውስጥ ከተገባ ግን ወደ ኋላ መመለስ አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ከራፍቲንግ የሚለየው ትልቁ ነገር ለእኔ ይኼ ነው።

ካንየኒንግ ላይ ሰው ሞቷል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ለማስፈራራት ሳይሆን ለማወቅ ብላችሁ ስሙት።

በፈረንጅ አቆጣጠር ጁላይ 27 ቀን 1999 ነው። ከኢንተርላከን አጠገብ ዛክሰተንባህ በሚባል ጅረት ገደል ውስጥ ብዙ ወጣት ቱሪስቶች ከጋይዶቻቸው ጋር ይወርዱ ነበር። ከላይ፣ ሸለቆው ራስ ላይ፣ ኃይለኛ ነጎድጓዳማ ዝናብ ጣለ። ውሃው ግንድና ድንጋይ ይዞ በጠባቡ ገደል ውስጥ እንደ ግድግዳ ወረደ። 21 ሰው ሞተ፤ 18ቱ ቱሪስቶች፣ 3ቱ ጋይዶች። ከሟቾቹ ብዙዎቹ አውስትራሊያውያን ነበሩ። በ2001 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ጉዞውን ያዘጋጀው ድርጅት ስድስት ሰዎች በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ።

አገር ቤት ደራሽ የሚባለውን የምታውቁ ሰዎች ነገሩን ወዲያው ትረዱታላችሁ። እናንተ የቆማችሁበት ፀሐይ ነው፤ ውሃው ግን ስለ እናንተ ፀሐይ ግድ የለውም። ላይ ምን እንደዘነበ ነው የሚነግራችሁ። እዚህ ሰመር ላይ ነጎድጓዱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ከግግር በረዶ የሚመጡ ወንዞችም በሞቃት ቀን ከሰዓት በኋላ ይበልጥ ይሞላሉ፤ በረዶው ሲቀልጥ ውሎ ውሃው የሚደርሰው ያኔ ነው። እኔ ሁሌ የጠዋቱን ሰዓት ነው የምይዘው።

ከዚያ አደጋ በኋላ አገሪቱ ሕግ አወጣች። ሕጉ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2014 ጀምሮ ይሠራል። በገንዘብ ካንየኒንግ፣ አስቸጋሪ ወንዝ ላይ ራፍቲንግ ወይም አደገኛ የተራራ ጉዞ የሚመራ ሁሉ ፈቃድና መድን ሊኖረው ግድ ነው። ስለዚህ የዛሬው ካንየኒንግ የዚያን ጊዜው አይደለም። ገደሉ ግን ያው ገደል ነው።

ድርጅቱን እንዴት ልምረጥ?

ፈቃዱን ጠይቁ፤ ነውር የለውም። "ዝናብ ቢመጣ ምን ታደርጋላችሁ?" ብላችሁም ጠይቁ። መልሱን ሲሰጡ ፊታቸውን እዩ። አንዴ እንግዶቼን ይዤ ጠዋት በሰዓቱ ደረስኩ። ሰማዩ ብሩህ ነበር። ጋይዷ ስልኳን አይታ "ዛሬ አንሄድም" አለች። እንግዶቼ ተበሳጩ፤ ከሮም ድረስ መጥተዋላ! እኔ ግን በልቤ መረቅኋት። ከዚያ ወዲህ ሰው ይዤ የምሄደው እሷ ጋ ነው።

በሌላ ቀን ደግሞ ሄልሜቱ አልጠበቀልኝም ስል "ምንም አይደል" ያለኝ ነበር። እሱ ጋ አልተመለስኩም።

በርን ውስጥ ሰው ከሥራ ወደ ቤት በወንዝ ተንሳፎ ይሄዳል የሚባለው ቀልድ ነው?

ቀልድ አይደለም። የዚህ አገር ነገር ሁሉ ተረስቶ ይኼ ብቻ ቢቀርልኝ አይከፋኝም።

አሬ የድሮውን ከተማ እንደ መቀነት ዞሮ ነው የሚሄደው። ከፓርላማው ሕንጻ ሥር ማርዚሊ የሚባል ሰፊ መዋኛ አለ፤ መግቢያው በነጻ ነው። ሰዉ ልብሱን ውሃ በማያስገባ ቦርሳ ከትቶ በወንዙ ዳር ሽቅብ ይሄዳል፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ እስከ አይሽሆልትስ። እዚያ ውሃ ውስጥ ይገባል። ከዚያ መዋኘት እንኳ አያስፈልግም፤ ወንዙ ይወስዳችኋል። የባንክ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ሰባ ዓመት የሞላቸው እናት፣ ሁሉም ጭንቅላቱን ብቻ አውጥቶ እያወራ ያልፋል። የውሃውን ሙቀት የሚነግር አሬ ጉሩ የሚባል አፕ አለ፤ የአየር ጠባይ ከማየታቸው በፊት እሱን የሚያዩ ጎረቤቶች አሉኝ።

አሁን ቁም ነገሩን ስሙኝ። በዳሩ ላይ በየተወሰነ ርቀት ደረጃና ቀይ የብረት መያዣ አለ። መውጣት የፈለጋችሁበት መያዣ ሲታያችሁ ሳይሆን ገና ከሩቅ ወደ ዳር መጠጋት ጀምሩ። ውሃው ይፈጥናል፤ አንዱ ካመለጣችሁ ሳትደናገጡ ቀጣዩን ያዙ። የማርዚሊን መውጫ ግን አታሳልፉ። ከዚያ በታች ወንዙን የሚያቋርጥ ግድብ አለ። እዚያ የደረሰ ሰው ከባድ አደጋ ውስጥ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገቡ ከሆነ የአካባቢ ሰው ይዛችሁ ግቡ። ዋና የማይችል ሰው ደግሞ ሣሩ ላይ ይቀመጥ፤ ያም ደስ ይላል። አሬ ላይ "እኔ እይዝሃለሁ" የሚባል ነገር የለም።

በጎማ ጀልባ ከቱን እስከ በርን መውረድስ?

እሱ የሰመር ቅዳሜ የሚባለው ነው። ሰዎች ቱን ላይ ሽቬቢስ ከሚባለው ቦታ ይነሡና ሦስት ሰዓት ገደማ ተንሳፈው በርን ይደርሳሉ። መልሱ በባቡር ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ዘና ያለ ይመስላል፤ አብዛኛው መንገድም ዘና ያለ ነው። ኡቲገን ላይ ግን ድንገት ማዕበል የሚያስነሣ ቁልቁለት አለ። ምልክቱን ስታዩ ከዳር ውጡና በእግር ሄዳችሁ ተመልከቱት። ካልጣማችሁ ጀልባችሁን ተሸክማችሁ እለፉት፤ ማንም አይስቅባችሁም።

ጀልባዎችን እርስ በርስ በገመድ አትሰሩ። ሰው ለወሬ እንዲመች ብሎ ያስራቸዋል። የድልድይ ምሰሶ ሲመጣ አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ያልፍና ገመዱ ምሰሶው ላይ ይጠመጠማል፤ ከዚያ ወዲያ ጀልባው ይገለበጣል። ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት ግዴታ ነው። እንደ ትራስ የሚቀመጡበትን ሳይ ግን ይገርመኛል፤ ልበሱት እንጂ! ቢራውን በርን ስትደርሱ ጠጡት።

ፓድል ቦርድ ወይም ካያክ ተከራይቼ ብቻዬን ሐይቁ ላይ መውጣት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ፈቃድ አያስፈልግም። ቆሞ የሚቀዘፈው ፓድል ቦርድ ግን በሕጉ እንደ ጀልባ ነው የሚቆጠረው። የባለቤቱ ስምና አድራሻ ሊጻፍበት ይገባል። ከዳር ከ300 ሜትር በላይ ከራቃችሁ ላይፍ ጃኬት መያዝ አለባችሁ። ለትልቁ የመንገደኛ መርከብ መንገድ ልቀቁ፤ እሱ ለእናንተ አይቆምም።

ከሁሉ በላይ ንፋሱን ፍሩ። ጠዋት እንደ መስታወት የነበረ ሐይቅ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይገለበጣል። ለዚህ ሲባል በሐይቁ ዙሪያ ብርቱካናማ መብራቶች ተተክለዋል። በደቂቃ 40 ጊዜ ብልጭ ድርግም ካሉ ንፋስ ሊመጣ ይችላል፤ ወደ ዳር ጠጋ በሉ። በደቂቃ 90 ጊዜ ከሆነ ማዕበል ደርሷል፤ ወዲያው ውጡ። መቁጠር አያስፈልግም፤ ፈጣኑን ስታዩት ልብ ራሱ ያውቀዋል።

ቢልሃርዝያ አለ? አዞስ?

ሁለቱም የሉም። በሞቃት ሰመር ከዳር ካለው ጥልቀት ከሌለው ውሃ የሚመጣ የቆዳ ማሳከክ ይኖራል። ከዳክዬ የሚመጣ ጥቃቅን ተባይ ነው፤ ሰው ውስጥ አይኖርም። ስትወጡ ቶሎ ታጠቡና ሰውነታችሁን በፎጣ እሹት።

ጾም ላይ ብሆንስ?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ የእኛ ሰው ብቻ ነው፤ ጥሩ ጥያቄም ነው። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 16 ነው፤ በፈረንጅ ከኦገስት 7 እስከ 22። የውሃው ወቅት መሐል ላይ ይውላል ማለት ነው። ባዶ ሆድ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መግባት አይመከርም፤ ሰውነት ሙቀት የሚሠራው ከበላው ነው። ሆድን ሞልቶ መግባትም ያው ነው። ስለዚህ እስከ ተሲያት የሚጾም ሰው ያን ቀን ተራራ ይውጣ ወይም መርከብ ይሳፈር፤ ውሃውን ለሌላ ቀን ያቆየው። ጾሙ ከሥጋና ከወተት ብቻ ለሆነ ሰው ችግር የለም። ቆሎ፣ ለውዝና ዳቦ በቦርሳ ያዙ። የተራራ ላይ ምግብ ቤቶች አይብ የሌለበት ነገር ስጡኝ ሲባሉ ግራ ይገባቸዋል።

ሹሩባ ተሠርቻለሁ፤ ሄልሜት ይገባል?

በጭንቅላት ላይ የተኛ ሹሩባ ይገባል፤ ከላይ የተቋጠረ አይገባም። ረጅሙን ዝቅ አድርጋችሁ ከአንገት በላይ እሰሩት። ዊግ ሆቴል ይቅር። ወርቅም እንዲሁ፤ በብርድ ጣት ይቀጥናል፤ ቀለበት ሳይታወቅ ይወልቃል። የአንድ ሙሽራ ቀለበት ዛሬም ሉቺነ ውስጥ አለ።

ውሃ አልወድም፤ ወይም እማዬን ይዤ ነው የምመጣው።

እንግዲያው ላውተርብሩነን ሂዱ። 72 ፏፏቴ ያለው ሸለቆ ይባላል። ሽታውባህ የሚባለው 297 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከመንደሩ መንገድ ላይ ቆማችሁ ታዩታላችሁ። ትሩመልባህ ደግሞ ተራራው ሆድ ውስጥ ነው። ከአይገር፣ ከመንሽና ከዩንግፍራው ተራሮች ግግር በረዶ የሚወርደው ውሃ ዐለቱን ፈልፍሎ አሥር ፏፏቴ ሠርቷል። በሴኮንድ እስከ 20,000 ሊትር ያልፋል። ተራራው ሲንቀጠቀጥ በእግራችሁ ይሰማችኋል። እናቴ እዚያ ገብታ ስታማትብ ነው የወጣችው። ደረጃው ይንሸራተታል፤ ከ4 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችም አይገቡም።

ኧሺነን ሐይቅ ላይ የሚቀዘፍ ጀልባ ይከራያል። ብላውዘ የምትባለዋ ትንሿ ሰማያዊ ሐይቅም ታምራለች፤ መዋኘት ግን አይፈቀድም። በፓራግላይዲንግ፣ ማለትም በጨርቅ ክንፍ ተንጠልጥሎ፣ ከጋይድ ጋር መብረርም ዋና አይጠይቅም። ከቢያተንበርግ በኩል ይነሣሉ፤ ኢንተርላከን መሐል ሄሄማተ በሚባለው ሜዳ ላይ ያርፋሉ።

የእግር መንገዱስ? እኛ እኮ ደገኞች ነን።

ነን። ራስ ዳሽን ከዩንግፍራው ይበልጣል፤ ዩንግፍራው 4,158 ሜትር ነው። በ1912 የተከፈተው የዩንግፍራውዮህ ባቡር ጣቢያ 3,454 ሜትር ላይ ነው። ከአዲስ አበባ በቀጥታ የመጣ ሰው እዚያ ከጀርመኖቹ ይልቅ ሲቀለው አይቻለሁ። ሃያ ዓመት ሮም የኖረ ግን ሳንባው ሮማዊ ሆኗል፤ ቀስ ይበል።

ምልክቶቹን እወቁ። ቢጫ ለማንም የሚሆን መንገድ ነው። ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ የተቀባ የተራራ መንገድ ነው፤ ጥሩ ጫማ ይፈልጋል፤ ከፍታ ለሚፈራም ይከብዳል። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ካያችሁ ተመለሱ፤ እሱ ገመድና ልምድ ላለው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከግሪንደልቫልድ በላይ ፊርስት ከሚባለው ቦታ ወደ ባህአልፕ ሐይቅ የሚወስደውን እመርጥላችኋለሁ። አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ መጨረሻው ላይ ያለው እይታ ግን ያስደነግጣል።

ስንት ያስወጣል?

ያስወጣል፤ አልዋሽም። ራፍቲንግም ካንየኒንግም ለአንድ ሰው ከ100 ፍራንክ በላይ ነው። ነገር ግን በርን ላይ ወንዙ ነጻ ነው፤ ሐይቁ ዳር ሣሩ ነጻ ነው፤ እግራችሁም የራሳችሁ ነው። ኢንተርላከን ሆቴል ስታርፉ የእንግዳ ካርዱን ጠይቁ፤ የአካባቢውን አውቶቡስ በነጻ ያስኬዳል። ከ6 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በባቡር አይከፍሉም። ከ6 እስከ 16 ላሉት የ30 ፍራንኩን ጁኒየር ካርድ ግዙ፤ ከወላጅ ጋር ዓመቱን ሙሉ ይሄዳሉ። ምሳችሁን ቋጥሩ። እኔ ከቤት ድርቆሽ ፍርፍር ይዤ ስወጣ የሚያፍሩ እንግዶች አሉ፤ ተራራው ላይ ግን መጀመሪያ እጃቸውን የሚዘረጉት እነሱ ናቸው።

አደጋ ቢደርስ ማንን ልጥራ?

አምቡላንስ 144፣ ፖሊስ 117 ነው። ሬጋ የሚባለው የሄሊኮፕተር አድን አገልግሎት 1414 ነው። ቁጥሩ ከጠፋባችሁ 112 የትም ይሠራል። ከመምጣታችሁ በፊት የጉዞ መድናችሁ የተራራ ላይ ነፍስ አድንን እንደሚሸፍን አረጋግጡ፤ ሄሊኮፕተር በነጻ አይነሣም።

ሄሊኮፕተሩ ከላይ ሲዞር አንድ ነገር አስታውሱ። እርዳታ ከፈለጋችሁ ሁለቱንም እጆች ወደ ላይ ዘርጉ። ካልፈለጋችሁ አንዱን እጅ ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች። አንድ ቀን ሦስት እንግዶቼ ሲያልፍ አይተው በደስታ ሁለት እጃቸውን አንሥተው እያውለበለቡ ሰላም ሊሉት ነበር። እጃቸውን ጎትቼ ነው ያወረድኩት።